ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ግቢው ባዶ ነው

አንድ አነስ ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ የእንግዳ መቀበያ መስኮት ላይ ከተቀመጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተማርኩት ነገር ቢኖር የተማረ ሰው ልጁን የትም ጥሎ መሄድ እንደሚችል ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቀን አስተማሪዎቹ ልጆቻቸውን ቤተ መጻሕፍት ያስገቡና «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለው ግማሽ ቀን ይጠፋሉ። ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ሥር ያስተኛሉ። አንዱ ደግሞ መኪናው ውስጥ ሕፃን ትቶ፣ መስኮቱን የጣት ስፋት ከፍቶ፣ ፈተና ሊፈትን ሲገባ ይዤዋለሁ። ያን ቀን የወጣኝን ቃል እናቴ በሕይወት ኖራ ብትሰማ በርበሬ ታጥነኝ ነበር። የጅቡቲ ሰኔ በተዘጋ መኪና ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማስረዳት የነበረብኝ ለፊዚክስ አስተማሪ መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

አስተዳደሩ ግን ዝም አላለም፤ ስብሰባ ጠራ። ስለ ሕፃናትና ስለ አቅመ ደካማ እንግዶች ደኅንነት ከውጭ የመጣ አሠልጣኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሥዕል አሳየን። ሁላችንም ፈረምን። ከዚያ በየኮሪደሩ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ማንኛውም ሕፃን ያለ አዋቂ ግቢ ውስጥ አይገኝም። በሳምንቱ የአስተዳዳሪው የራሱ የእህት ልጅ ማስታወቂያው ሥር ብቻውን ቁጭ ብሎ ብስኩት ሲበላ አገኘሁት። ለአስተዳዳሪው ስነግረው «ፈርመናል እኮ» አለኝ። 

እንግዲህ እኔው ራሴ መላ ዘየድኩ። ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈሬ ካለ አናጺ ዘንድ ሄጄ አርባ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሳጥን አሠራሁ። እንግዳ ሲመጣ መታወቂያውን ይሰጠኛል፤ ስሙን ትልቁ የእንግዳ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፤ መታወቂያውን አንዱ ቀዳዳ ውስጥ አስገባና የቀዳዳው ቁጥር ያለበትን ባጅ አንገቱ ላይ አንጠለጥልለታለሁ። ልጅ ይዞ ከመጣ የልጁን ስም ካርቶን ላይ ጽፌ ከአባቱ መታወቂያ ጋር እሰካለሁ። ሲወጡ ባጁ ይመለሳል፣ መታወቂያውም ካርቶኑም ይወጣል። ሰባት ሰዓት ላይ ሳጥኑን አያለሁ። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ግቢው ባዶ ነው። የጥገና ሠራተኛው ክፍሎቹን ይቆልፋል፣ መብራቱን ከዋናው ማጥፊያ ያጠፋል፣ የከሰዓት በኋላው ዘበኛ በሩን ይረከባል። በዚያ ሰዓት ጫቱ ከኢትዮጵያ መጥቶ ከተማ ገብቷልና ማንም ወንድ ግቢው ውስጥ አንዲት ደቂቃ ቆይቶ አይፈትሽም። ስለዚህ ሁሉም ሳጥኔን ወደደው። እኔም ኮራሁበት፤ አልዋሽም።

ሳጥኑ ውስጥ የማይገቡ አንድ ዓይነት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነሱም የእኛዎቹ፣ ሐበሾቹ ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ የነርስ ተማሪዎች የአካባቢውን እናቶችና ልጆች በነጻ ያክማሉ። ይህን ወሬ የሰሙ፣ ከወሎና ከጅማ በእግርም በባቡርም መጥተው ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚያልፉ ልጆች ብቅ ይላሉ። መታወቂያ የላቸውም። ደንቡ ደግሞ መታወቂያ የሌለው አይገባም ይላል። አያቴ ከምድር ባቡሩ ጋር ነው እዚህ አገር የመጣው፤ እኔ ከአሮጌው ጣቢያ ኋላ ተወልጄ የጅቡቲ ወረቀት ይዤ ያደግሁ ነኝ። ግን ከመስኮቱ ወዲያ ቆሞ በእናቴ ቋንቋ የሚለምነኝን ሰው መመለስ አይሆንልኝም። ስለዚህ «ግቢ፣ ቶሎ ውጪ» እላለሁ። ስም አልጽፍም።

ስም አለመጻፍ የእኔ ብቻ ፈሊጥ አይደለም። የዚህ ከተማ ሐበሻ ሁሉ እንዲሁ ነው። ባለሱቁም፣ ቤት አከራይዋም፣ ጸጉር ሠሪዋም፣ ያበላሉ፣ ያስተኛሉ፣ ማን ነሽ ብለው ግን አይጠይቁም። አፈሳ በመጣ ቀን ያላወቁትን አይናገሩም፤ ያልተጻፈ አይገኝም። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ደግነት ነው። እኔም ደግ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ያ ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ሰኔ ሊጋመስ ሲል። ከሃያ ሁለት ዓመት የማትበልጥ ልጅ እግር ሴት፣ አራት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ አዝላ መጣች። ከናጋድ፣ ከከተማው ዳር፣ የሚመጡት ስደተኞች ሁሉ እንደሚያደርጉት መስኮቱ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቆማ ፊቴን አጠናች። ልጅቷ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደሚያተኩሳት ነገረችኝ። እጄን ሰድጄ ግንባሯን ነካሁ፤ እሳት ነው። ምድር ቤት ሦስተኛው ክፍል እንደሆነ አሳየኋትና ከሰባት በፊት እንድትወጣ አስጠነቀቅኋት። እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ሰበሰብኩት፤ ሥራ ነበረብኝ።

ሥራዬ ምን ነበር? የሕግ አስተማሪው ሁለት ልጆች ከቤተ መጻሕፍት ጠፍተዋል። ካርቶናቸው ቀዳዳ ቁጥር አሥራ አንድ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፣ ልጆቹ ግን የሉም። ያን ጠዋት ሦስት ፎቅ ወጥቼ ወረድኩ። በመጨረሻ ሰገነቱ ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ ጠጠር ወደ ታች እየወረወሩ አገኘኋቸው። ሁለቱንም በክንዳቸው ይዤ አውርጄ አባታቸውን በተማሪዎቹ ፊት ወረድኩበት። የሕጉን አንቀጽ ለሰው ከማስተማር ልጆቹን መቁጠር ይቀድም ነበር አልኩት። መዝገቡ ላይ እንዲፈርም አደረግሁ። ሰውየው እንደ ቲማቲም ቀልቶ ሲፈርም ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነበር።

በዚያች ደቂቃ ልጅ እግሯ እናት በመስኮቴ በኩል ወደ ውጭ አለፈች። በዓይኔ ጥግ ጀርባዋን አየሁት። ጀርባዋ ላይ ምንም አልነበረም። አይቻለሁ፤ ማየቱንስ አይቻለሁ። ግን አፌም ልቤም የሕግ አስተማሪው ላይ ነበሩ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። አንዷ የነርስ ተማሪ ለልጅቷ የትኩሳት ሽሮፕ አጠጥታት ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ሌላ መድኃኒት ደግሞ ከውጭ ፋርማሲ እንዲገዛ በወረቀት ጻፈች። እናትየው በዚያ ፀሐይ የተኛች ልጅ አዝላ መውጣት ፈራች። ተማሪዋም እዚሁ ትተኛ፣ እኔ አለሁ አለቻት። ከዚያ የተማሪዋ ተራ አለቀ፤ ጓደኛዋ ትጠብቃታለች ብላ ሄደች። ጓደኛዋ እናትየው ይዛት ወጥታለች ብላ ሄደች። የጥገና ሠራተኛው በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገብቶ ሰው አለ ወይ ብሎ ተጣራ፤ አልጋው ከመጋረጃ ኋላ ነው። ቆለፈ። መብራቱንና ማቀዝቀዣውን አጠፋ። እኔ ሳጥኑን አየሁ። ባዶ ነው። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ የሕግ አስተማሪውን ልክ ስላስገባሁት ደስ ብሎኝ፣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ካርቲየ 4 ቤቴ ደርሼ፣ ከማዕዘኑ የመናዊ ዓሣ ጠባሽ የገዛሁትን ዓሣ በዳቦ ይዤ፣ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደነከርኩ ስልኬ ጮኸ። የከሰዓት በኋላው ዘበኛ ነው። ሽማግሌ ሶማሌ ነው፤ በቋንቋው አዴር፣ አጎቴ ማለት ነው፣ እያልኩ ነው የምጠራው። አንዲት የእናንተ ሴት በሩ ላይ እያለቀሰች አልሄድ አለችኝ፣ ምን ላድርግ አለኝ። እኔ ደግሞ ደከመኝ። ከሥራ ሰዓት ውጪም የሐበሻ ሁሉ አስተርጓሚ እኔ ነኝ ወይ ብዬ ተበሳጨሁ። ሕክምናው አልቋል፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ትምጣ በላት አልኩና ዘጋሁበት። ዓሣዬን በላሁ። አጥንቱን ለድመት ጣልኩ። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ፤ ዓሣዬን እስከ መጨረሻው በልቻለሁ።

አዴር ከአማርኛ የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው፤ «ነገ ነይ»። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዘግይተው የሚመጡትን ልጆች በደህና ቃል እንዲመልስልኝ ብዬ። ለካ ያቺ እናት የመድኃኒት ፌስታሏን ይዛ ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ በሩ ደርሳ፣ በእጇ ወደ ውስጥ እያሳየች፣ ጀርባዋን እየመታች ስትለምነው፣ እሱ እንዳስተማርኩት በትሕትና ነገ ነይ ይላታል። ውስጥ ሰው ትፈልግ ይሆን ብሎም አስቧል፤ ምስኪን ክፉ ሰው አይደለም። ተነሥቶ ሄዶ ሳጥኑን አይቷል።

ስምንት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሁለተኛ ደወለ። በቁጣ ስልኩን ለሷ ስጣት አልኩት፤ ልገስጻት።

«እትዬ» አለች። ድምጿ አልቆ ነበር። «ልጄ ውስጥ ናት።»

ጫማዬን በየትኛው እግሬ እንዳጠለቅሁ አላውቅም። ታክሲው ውስጥ የጥገና ሠራተኛው ጋ ደወልኩ፤ የክፍሎቹ ቁልፍ እሱ ጋ ነው። አያነሣም። የሆነ ቤት ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ጉንጩን ወጥሯል፣ ስልኩን ማን አይቶት። ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ። ሾፌሩ ማን ሞተብሽ አለኝ፤ ፍጠን አልኩት።

እናትየው የግቢውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ስታየኝ አልጮኸችም፣ ፌስታሉን ብቻ ወደ እኔ ዘረጋች። እዚሁ ጠብቂኝ አልኳትና ከአዴር ጋር ወደ ሦስተኛው ክፍል ሮጥን። ለምን ጠብቂኝ እንዳልኳት እግዜር ይወቀው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው በሩ ላይ ጠብቁ ስል ኖሬ አፌ ለምዶት ይሆናል።

ኮሪደሩ እንደ ዳቦ ቤት ይግላል። የክፍሉ መስኮት ትንሽና ከፍ ያለ ነው፣ ብረት አለው። በሩን ደበደብኩ። ምንም። አዴር ጆሮውን እንጨቱ ላይ አስጠግቶ፣ ስሟን ጠርተሽ ወደ በሩ አምጫት፣ መኖሯንም እንወቅ አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። የምጠራው ስም የለም። የሕግ አስተማሪውን ልጆች ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ የትኛው ክፍል እንደሚማሩ ጭምር ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ይህችን ልጅ ግንባሯን በእጄ ነክቻለሁ፤ ማን እንደምትባል አልጠየቅሁም። ሚጡዬ አልኩ። እናትዬ አልኩ። የእኔ ቆንጆ አልኩ። ለማንም ልጅ የሚባለውን ሁሉ አልኩ። ውስጥ ዝም ነው።

«እናቷን አምጣት» አልኩት።

አዴር አልተነቃነቀም። «መታወቂያ የላትም እኮ» አለኝ።

ልቆጣው ዞርኩ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በፈረንሳይኛና በሶማልኛ አጽፌ በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እባክህ አልኩት፤ ከዚያ በፊት ለዘበኛ እባክህ ብዬ አላውቅም። ሄደ።

ሴትየዋ ከኮሪደሩ ጫፍ ጀምራ የልጇን ስም እየጠራች መጣች። ሁለተኛ ስትጠራ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ፣ ሦስተኛ ስትጠራ የበሩ ታችኛው እንጨት ተቧጠጠ። እናትየው ወለሉ ላይ ተንበርክካ በበሩ ሥር፣ እዚህ ነኝ፣ ወደ ኋላ ሂጂ፣ አልጋው ሥር ግቢ አለቻት። ድምጿ ስለ ምሳ የምትነግራት ይመስል ነበር። አዴር የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳ አውርዶ በሽማግሌ ጉልበቱ ቁልፉን መታው። በአራተኛው ምት ተገነጠለ።

ልጅቷ ቀሚሷን አውልቃ በሆዷ የወለሉ ሸክላ ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ ነጥቷል፣ አስመልሷታል፣ ጸጉሯ ከወንዝ የወጣች ይመስል ርሷል። አላለቀሰችም። እናቷ ስታነሣት «የት ሄደሽ?» ብቻ አለች። የነርሶቹ አስተማሪ ስደውልላት ከቤቷ ሮጣ መጥታ፣ በጨውና በስኳር የተበጠበጠ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣቻት፤ ከዚያ ራሷ በመኪናዋ እኔንም ጨምራ ሆስፒታል ወሰደችን። መንገድ ላይ፣ ክፍሉ ስንት ሰዓት ተዘግቶባት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ቆጥሬ ነገርኳት፤ ዓሣዬን የበላሁበትንም ጨምሬ። ወደ ማታ ልጅቷ ብስኩት ጠየቀች። ያኔ ነው እኔ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት።

በማግሥቱ ለወቀሳ ተዘጋጅቼ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባሁ። ከሥራ ቢያባርረኝም ይገባኛል ብዬ ነበር። እሱ ያሳሰበው የተሰበረው ቁልፍ ነው። የእንግዳ መዝገቡን አስመጣ፣ የማክሰኞን ገጽ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደ፣ ከዚያ ፊቱ በራ። መዝገቡ ላይ እንዲህ ያለች ሴት የለችም አለኝ። ሕፃን ይዘው የገቡት ሁሉ ከነሕፃናቸው ወጥተዋል፤ የሕግ አስተማሪው ልጆችም በሰዓታቸው ወጥተዋል፣ አባታቸው ፈርሟል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኛው ወረቀት ደግሞ ያልያዘውን አላውቅም አለ። እኔ ነኝ ያስገባኋት፣ ሳልጽፍ ያስገባኋት እኔ ነኝ አልኩት። እጁን አነሣ። አልሰማሁም አለኝ። ቁልፉ በባሕር ንፋስ ዝጎ ተሰበረ ተብሎ ተጻፈ፣ እሱም ፈረመበት። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው ጥፋት ስነድ ኖሬ፣ የራሴን ጥፋት ይዤ ስሄድ የሚቀበለኝ ጠፋ። የነርስ ተማሪዎቹ እንኳን አልተጠየቁም፤ እኔ ግን አስጠርቼ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ይረሱታል ብዬ አላስብም።

ከዚያ ወዲህ መታወቂያ ያለውም የሌለውም ቀዳዳ አለው። ለሌለው ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ አጠር አድርጌ እጽፋለሁ፣ ስንት ሰው ሆነው እንደገቡና ልጁ ማን እንደሚባል። አገር አልጠይቅም። ሲወጡ እፊታቸው እቀደዋለሁ። በመጀመሪያ ብዕር ሲያዩ ይደነግጡ ነበር፤ ሁለቱ እንዲያውም ተመልሰው ሄደዋል። አንዷ የሐሰት ስም ነገረችኝና ዓይኔን ሸሸች። የፈለግሽውን ስም በይኝ፣ ብቻ ስጠራት ልጅሽ የምትሰማው ይሁን አልኳት።

ከአደጋው በኋላ በስምንተኛው ቀን እናትና ልጅ መጡ። ልጅቷ ድናለች፤ መስኮቴ ጠርዝ ላይ በጣቷ እየተንጠለጠለች ትዘላለች። እናትየው ትንሽ ጓዝ ቋጥራለች። በዚያው ቀን ወደ ኦቦክ እንደሚሄዱ፣ ጀልባው እንደተገኘ ነገረችኝ።

ነደደኝ። ያልኳትን ሁሉ መድገም አልችልም። በዚያ ሳምንት ያገኘሁላትን የቤት ሠራተኝነት ሥራ ጠቀስኩባት፤ ካርቲየ 4 ውስጥ ደህና ሰዎች ዘንድ ነበር፣ ልጅቷንም ይቀበሉ ነበር። ትናንት ከእሳት የወጣች ልጅ ዛሬ ውሃ ላይ ይጫናል ወይ አልኳት። ባሕሩ መሀል ማን ቁልፍ ይሰብርልሻል አልኳት።  እሷ አንገቷን ደፍታ፣ ታላቅ ሲቆጣ እንደሚሰማው፣ እስክጨርስ ሰማችኝ። ባሏ ከዚያ ማዶ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይህን ቀደም ብላ ነግራኛለች፣ ደግማ አልነገረችኝም።

«እትዬ» አለች ስጨርስ። «ጻፉን።»

እየወጣሽ ነው እኮ፣ የሚጻፈው የሚገባ ነው አልኳት።

«ይሁን። ሁለታችንንም፣ ከነአባታችን። በዚያኛው ትልቁ ላይ ይጻፉን። ምናልባት ሰው እየጠየቀ ቢመጣ፣ አዎ እዚህ ነበሩ እንዲሉት።»

መዝገቡን ገለጥኩ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ሳይሆን መዝገቡ ላይ፣ በቀለም፣ የእሷን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ፣ የልጅቷን ከነአባቷ፣ የመጡበትንም ቀበሌ ጻፍኩ። ማንበብ ስለማትችል እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ የአያቷን ስም አንድ ጊዜ አረመችኝ፣ ሰርዤ አስተካከልኩ። ከዚያ ልጇን አዝላ ወጣች። በዚህ ጊዜ ጀርባዋን እስክትርቅ አየሁት።

በዓመቱ መጨረሻ አስተዳዳሪው አዲስ መዝገብ አምጥቶ አሮጌው ይቃጠል አለ። እሺ አልኩና ቤቴ ወሰድኩት፤ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። እስካሁን ጠይቆ የመጣ ሰው የለም።